ጥቁሮቹ ቡሶላዎች

ጥቅምት ፱

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፦

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎም ከዚያ አገር ቅዝቃዜ ጋር የታረቀ ሆኖ ያግኝዎ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ሰላምታዋን ታቀርባለች። አባዬም እንደ ልማዱ «ጻፊለት፣ ግን አታስረዝሚበት» ብሏል።

ጋሼ፣ ጋራዡ ውስጥ አዲስ ነገር ገብቷል። አንድ የጭነት ድርጅት ተዘግቶ ዕቃውን ሲሸጥ፣ አባዬ አየር የሚያምቅ አሮጌ ኮምፕሬሰርና በአየር የሚሠራ የብሎን መፍቻ ይዞ መጣ። ኮምፕሬሰሩ ሲነሣ ግድግዳው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ማዶ ያለው የመለዋወጫ ሱቅ ባለቤት ስልክ በተደወለለት ቁጥር እየሮጠ መጥቶ «ስለ ፈጣሪ አጥፉልኝ» ይላል። አባዬ ግን ልጅ ሆኗል። ድሮ መፍቻው ጫፍ ላይ ቧንቧ ሰክቶ፣ ላዩ ላይ ቆሞበት የሚፈታውን የጎማ ብሎን ዛሬ በአንድ ጣት ያሾረዋል። «ይህን ዕቃ ወንድሜና እኔ በጉልበታችን ጊዜ አግኝተነው ቢሆን ዛሬ ወገባችን የራሳችን ነበር» ይላል።

የምጽፍልዎ ግን እሱ ስለማያውቀው ነገር ነው። መፍቻው አፍ ላይ የሚሰካቸው፣ የብሎኑን ራስ የሚውጡት ቡሶላዎች እነዚያው እርስዎ የሚያውቋቸው፣ የሚያብለጨልጩት የእጅ ቡሶላዎች ናቸው። ለእጅ ጉልበት የተሠሩ ናቸው፤ ይህ አየር ደግሞ እንደ መዶሻ ነው የሚመታው። በቀደም ባለ አሥራ ዘጠኙን ሳጸዳ ጎኑ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። ለአባዬ ባሳየው «ጭረት ነው» ብሎ መልሶ ሰካው። ለአየር መፍቻ የሚሆኑት ጥቁር ቡሶላዎች እዚህም አሉ፤ ጥሩው ግን ዋጋው አይቀመስም፤ የሚቀመሰው ደግሞ እውነተኛ ይሁን ቀለም የተቀባ ማንም አያውቅም። እርስዎ የከባድ መኪና ማደሪያ ውስጥ ስለሚውሉ ባለሙያዎቹ ምን እንደሚይዙ ያያሉ። ኪስ የማይጎዳ፣ ሥራ ላይም የማያሳፍር ካለ ይምረጡልኝ።

በስልክ ያልነገርኩዎ ስልኩ ያለው ባለሱቁ ጋ ስለሆነ ነው። ከእኛ አፍ የወጣውን ሁሉ ለአባዬ ያደርስለታል።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር ፲፬

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ፦

ባለሽበት ደህና ሁኚልኝ፤ እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ ክፉ አይይ። ደብዳቤሽ ጫፉ ላይ የአውራ ጣትሽን የግራሶ አሻራ ይዞ ነው የመጣው። ሰው ሳያየኝ አሸተትኩት። እኔ እዚህ መኪና አጥባለሁ እንጂ አልፈታም፤ እጄ ከመጠን በላይ ንጹሕ ሆኗል።

የጠየቅሽኝን ነገር እንደ ዋዛ አልያዝኩትም። ማደሪያው ውስጥ ዝምተኛው የምንለው መካኒክ አለ። ከሰው ጋር ሲነጋገር ያየሁት እሱን ስለ ዕቃ ስጠይቀው ብቻ ነው። የዕቃ ሣጥኑን ከፍቶ አንድ በአንድ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። በመጀመሪያ ክብደታቸው ገረመኝ። ግድግዳቸው ወፍራም ነው። የሚያብለጨልጨው ብረት ደረቅ ስለሆነ ሲመታ ይፈነዳል፤ ለአየር የሚሆነው ግን ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን የተቀላቀለበት፣ ምት ሲያርፍበት ትንሽ እጅ የሚሰጥ ብረት ነው አለኝ። ጥቁረቱን አትመን፤ ጥቁር ቀለም ማንም ይቀባል፤ ከምን ብረት እንደተሠራ በግልጽ ያልጻፈውን እለፈው አለኝ። አፉም ስድስት ማዕዘን ይሁን። አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው የብሎኑን ጥግ ብቻ ይዞ ይልጠዋል፤ ስድስቱ ግን ጎኑን ነው የሚያቅፈው። ለጎማ ረጅሙን ያዝ፤ ቸርኬው የሚያምር ቀላል ብረት ከሆነ ደግሞ እንዳይፋቅ ግድግዳው ቀጠን ያለ ረጅም ይገኛል አለኝ።

ስለ ዋጋው ስጠይቀው ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ስሙ የገነነውን የሚገዛ ለስሙ ይከፍላል፤ የሁሉንም ርካሽ የሚገዛ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይገዛል። ቁጥር የሞላበት ትልቅ ሣጥን ሲያዩ ያጓጓል፤ ግማሹን ግን ዕድሜ ልክ አይነኩትም። መካከለኛ ስም ያለው፣ ከተሰበረ የሚለውጥ ሱቅ፣ የምትጠቀምባቸው ጥቂት ቁጥሮች፤ በቃ። ይህን ብሎ ወደ ዝምታው ተመለሰ።

ሱቁንም አግኝቻለሁ። ሻጩ የዚህ አገር ክረምት ሲጋመስ ዋጋ እንቀንሳለን ስላለኝ ትንሽ ልጠብቅ ነው። እስከዚያ አደራ፣ ያን የተሰነጠቀውን አሥራ ዘጠኝ አየር ላይ እንዳይሰካው። አጎቴ አለ በይው። ይቅር፤ እኔ አልኩ ካልሽውማ ሆን ብሎ ይሰካዋል። ወንድም ጋሼን አውቀዋለሁ። ዝም ብለሽ ደብቂበት።

አጎትሽ


ጥር ፫

ለተከበሩ ጋሼ፦

ሰላምና ጤና አይለይዎ። ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። የላኩልኝ ምክር ደርሶኛል። ለአባዬም አነበብኩለት። «ሆን ብሎ ይሰካዋል» ያሉት ጋ ስደርስ ሳቀ።

ዋጋው እስኪቀንስ መጠበቅዎ ጥሩ ነው። አሁን የሚያስቸኩል ነገር የለም። ትንንሾቹ ቁጥሮች ይቅሩ፤ ከአሥራ ሰባት ጀምሮ ያሉት ይበቁናል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ቁጥሩ በቀለም የተጻፈ አይሁን። በጥልቁ የተቀረጸ፣ በጣት ሲዳስሱት የሚለይ ቢሆን ይሻላል። ይህን ያለው አባዬ ነው።

አባዬ ደህና ነው፤ ትንሽ ዐረፍ ብሏል። እማዬም ደህና ናት። የሱቁ ስልክ ስለተበላሸ አይድከሙ፣ አይደውሉ።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ጥር ፳፭

ለወንድሜ ልጅ፦

ፈጣሪ ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውራችሁ። ቡሶላዎቹን ገዝቻለሁ። በሣጥን ተደርገው፣ በዘይት ወረቀት ተጠቅልለው በመርከብ ተጭነዋል፤ ብረት ስለሆነ በአየር የሚያስልክ አቅም አላገኘሁም። ስድስት ማዕዘን ናቸው፣ ግድግዳቸው ወፍራም ነው፣ ብረታቸውም ዝምተኛው ያለው ነው። አብሮኝ ሄዶ መርጦልኛል። ሁለት ዓይነት አቅርበውልን ቁጥሩ በነጭ ቀለም የተጻፈውን ትተን ተቀርጾ የገባውን ያዝን። እንዳልሽው መሆኑን ለማረጋገጥ ዓይኔን ጨፍኜ በአውራ ጣቴ ዳሰስኳቸው። ሻጩ ያዞረኝ መስሎት ወንበር አመጣልኝ።

ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ወንድም ጋሼ ቡሶላ ሲያነሣ ቁጥር አይቶ አያውቅም። ብሎኑን ያያል፣ እጁ ራሱ ሄዶ ያመጣለታል። እኔን ስንት ጊዜ ስቆብኛል፣ «አንተ ቡሶላውን ታነባለህ እንጂ አታውቀውም» እያለ። ዛሬ በጣቱ ማንበብ ለምን አስፈለገው?

ስልኩ ተበላሽቷል ብለሽኝ ነበር። ደወልኩ፤ ወዲያው ተነሣ። ባለሱቁ «ጌታው ወጣ ብለዋል» አለኝና ሰላምታ አብዝቶ ዘጋው። ያ ሰውዬ እኮ ወሬ የሚያሳጥር ሰው አይደለም። ኮምፕሬሰራችሁ ይሰማኝ እንደሆነ ጆሮዬን አቅንቼ ነበር። በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ጸጥ ብሏል።

ልጄ፣ እኔ ሩቅ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። እውነቱን ጻፊልኝ።

አጎትሽ


የካቲት ፳

ለተከበሩ ጋሼ፦

ፈጣሪ ልብዎን ያጽናው። የዋሸሁዎ አባዬ ስላዘዘኝ ነው። «እዚያ ሆኖ ምን ሊያደርግልኝ? እንቅልፉን ብቻ ነው የምትነጥቂው» ስላለኝ እሺ አልኩት። ከእንግዲህ ግን ለእርስዎ አልዋሽም።

ኅዳር እንደገባ ነው። አንድ የሚኒባስ ሹፌር የኋላ ጎማው ተንፍሶ መጣ። ተሳፋሪዎቹ መንገድ ዳር ቆመው ስለሚጠብቁት ይጣደፍ ነበር። ብሎኖቹ በዝገት ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። አባዬ ባለ አሥራ ዘጠኙን ሰካ። «ይህንንስ በእጅ እንሞክረው» አልኩት። «በእጅማ ዕድሜዬን ሙሉ ሞከርኩት» አለና ጎንበስ አለ። እኔ ኮምፕሬሰሩ ጋ ነበርኩ። ከአየሩ ጩኸት መሀል ብርጭቆ ሲሰበር የሚመስል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል መፍቻው ባዶውን ይሾራል። አባዬ ቀስ ብሎ ቀና አለና በእጁ ፊቱን ሸፍኖ «አቧራ ገባብኝ፤ ውሃ አምጪልኝ» አለኝ።

አቧራ አልነበረም ጋሼ። ከቡሶላው የተፈነጠቀ ስባሪ ነው። ቀኝ ዓይኑን ሐኪሞቹ ሊያተርፉት አልቻሉም።

የእርስዎ ምክር የደረሰኝ እሱ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነበብኩለት። ስለዚህ ዋጋ እስኪቀንስ በመጠበቅዎ የቀረብን ነገር የለም። ደብዳቤዬ በደረሰዎ ዕለት ገዝተው ቢልኩት እንኳ አይደርስም ነበር። እባክዎ ይህን ይመኑኝ።

በመጀመሪያ በአንድ ዓይን የሚኖር ስንት ሰው አለ ብለን ተጽናንተን ነበር። ሥራም ጀምሮ ነበር። ርቀት ይስት ነበር፤ ብሎን ሊያነሣ ሲል ከጎኑ ያለውን አየር ይጨብጥና «ሸሸኝ እኮ» ብሎ ያስቀን ነበር። ከዚያ የግራው መቅላት ጀመረ፤ ብርሃን ጠላ። ሐኪሙ እንዳለው አንዱ ዓይን እንዲህ ሲጎዳ አንዳንድ ጊዜ ደህናው አብሮት ይታመማል። መድኃኒት ይወስዳል። ጥዋት ጥዋት መስኮቱ ጋ ቆሞ ማዶ ያለውን የሱቁን ጽሑፍ ያነባል፤ ያነበበው ይሁን በቃል የሚያውቀው መለየት አልቻልኩም። ቁጥሩ በጣት የሚዳሰስ ይሁን ያለው ለዚህ ነው። መሥራቱን አልተወም፤ በልቡ ግን እየተዘጋጀ ነው።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት ፲፪

ለወንድሜ ልጅ፦

ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅኩም፤ ሰላም ለእናንተ ይሁን ብዬ ልጀምር። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ማጠቢያው ውስጥ ቆሜ ነው። የውሃውን ቧንቧ ሳልዘጋ ቀርቼ ውሃው እግሬን አልፎ ግቢውን ሞላው። ዝምተኛው መጥቶ ዘጋልኝና አጠገቤ ቆመ። የሆነውን ነገርኩት። እሱ እንኳ የሚለው ነገር ቢኖረው ብዬ ተመኘሁ።

ቀድሞ ቢላክም አይደርስም ነበር ብለሽኛል። አውቃለሁ፤ ቀኑን እኔም ቆጥሬዋለሁ። ግን እኮ እሱ ዓይኑን ሲያጣ እኔ የዋጋ ቅናሽ እየጠበቅኩ ነበር። ይህን ከራሴ ጋር እንዴት እንደማስታርቀው አላውቅም።

ወደዚያ ለመምጣት ተነሣሁ። ፓስፖርቴ ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ብዬ ያስገባሁበት መሥሪያ ቤት ነው ያለው። ሄጄ ከመስተዋቱ ወዲያ ላለችው ሴት ወንድሜ ሊታወር ነው አልኳት። ኮምፒውተሯን አየችና ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው አለችኝ። እስከ መቼ ብላት እሷም አታውቅም። «በጣም አዝናለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ፊቷ ላይ አይቻለሁ፤ አዝናለች። ፓስፖርቱን ግን አልሰጠችኝም። በነጋታው ስሄድ እሷ የለችም፤ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያንኑ ነገረኝ።

አንድ የዓይን ሐኪም ቤትም ገባሁ። የታመመው እኔ ስላልሆንኩ ምን ሊሉኝ? ሳናየው ምንም ማለት አንችልም አሉ። አምጡት አሉኝ፤ በታክሲ የሚመጣ ይመስል።

የሚያስፈልግ መድኃኒት ካለ ስሙን ጻፊልኝ። የሚያስፈልግ ማንኛውም ነገር ካለ ጻፊልኝ። ልጄ፣ አንድ ነገር እዘዢኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ ፮

ለተከበሩ ጋሼ፦

እንዴት ሰነበቱልን? ሣጥኑ ደርሷል። አንድም የጎደለ፣ አንድም የተጋጨ የለም። አባዬ ጭኑ ላይ አድርጎ እያወጣ እያንዳንዳቸውን ዳሰሳቸው፤ ቁጥራቸውን ጮክ ብሎ እየጠራ መልሶ በየቦታቸው አስቀመጣቸው። አንዱንም አልሳተም። ክብደታቸውን በእጁ እየመዘነ «ወንድሜ ዕቃ መምረጥ ችሏል» አለ። ይህን እንድጽፍልዎ ነግሮኛል።

ሥራ ላይም አየኋቸው። ያ የዛገ የሚኒባስ ብሎን ዓይነት ስንት ፈታሁባቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። የዓይን መከላከያ መነጽርም ገዝቼ አደርጋለሁ። ነገር ግን ጋሼ፣ ሥራው ቀዝቅዟል። ሹፌሮች መጥተው ወደ ውስጥ አሻግረው ያያሉ፤ «ጌታው የሉም?» ይላሉ። ጥግ ላይ ተቀምጦ ያዩታል። ያፍራሉ፣ ሰላም ይሉታል፣ ከዚያ ሌላ ጉዳይ እንዳለባቸው ያስታውሱና ይሄዳሉ። አባዬ የሞተራቸው ድምፅ እስኪጠፋ ያዳምጥና «ማን ነበር?» ይለኛል። የማላውቀው ሰው ነው እለዋለሁ፤ ለእሱ መዋሸቴን አልተውኩም።

መድኃኒቱን ሐኪሙ አቆመለት። ከዚህ በላይ ቢወስደው ሌላ አካሉን ይጎዳዋል እንጂ ዓይኑን አይመልስለትም አለ። ቀስ በቀስ ነው የሚሄደው። አሁን ጥላ ያያል፤ በጣም ቀርቦ፣ ከፀሐይ ፊት ከሆነ ደግሞ የሰው መልክ ይለያል። እስከ መቼ ብዬ ስጠይቅ ሐኪሙ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ወደ ሌላ በሽተኛ አለፈ።

አንድ ነገር እዘዢኝ ብለውኝ ነበር። አባዬ የእርስዎን ፎቶ ይፈልጋል። ትልቅ ይሁን፤ ፊትዎ ብቻ፣ ከቅርብ። አብራችሁ ከሠራችሁበት ዘመን የቀረው ያ ትንሹ ፎቶ ነው፤ እሱን አፍንጫው ላይ ቢያስጠጋውም አልታይ አለው። «ከተለያየን ወዲህ ምን እንደመሰለ ሳላይ እንዳይመሽብኝ» ይላል። ይፍጠኑ ጋሼ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ ፳፰

ለወንድሜ ልጅ፦

ሰላማችሁን ያብዛልኝ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ጢሜን ተላጨሁ፤ ዝምተኛው ኮቱን አዋሰኝ። ፎቶ አንሺው መብራቱን አስተካክሎ ፈገግ ይበሉ አለኝ። ልሞክር አልኩ። ከንፈሬ ከተከፈተ የሚወጣው ሳቅ እንደማይሆን ስለተሰማኝ አፌን ገጥሜ፣ ፊቴን አጥብቄ ተነሣሁ። ትንሽ የተቆጣሁ እመስላለሁ፤ በእሱ እንዳልተቆጣሁ ንገሪው።

ከሁሉ ትልቁን አሳጠብኩት። በካርቶን መሀል አድርጌ፣ እንዳይታጠፍ ብዬ ለምኜ በፈጣኑ ፖስታ ሰጠሁት። ፀጉሬን ሲያይ እንዳይደነግጥ፤ አልቋል።

መሥሪያ ቤቱ ዛሬም ያው ነው። በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ጥበቃው አውቆኝ በስም ሰላም ይለኛል።

ሲያየው ያለውን ሁሉ፣ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ሰኔ ፪

ለተከበሩ ጋሼ፦

ፈጣሪ ደጅዎን ያስፋልዎ፤ በሚጠብቁት ሁሉ ቀኑን ያቅርብልዎ። ፎቶው ሳይታጠፍ ደርሷል።

ወንበሩን ከመስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ከሚገባበት አደረግንለት። እማዬ እጁን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችለት፤ ፎቶው እንዳይቆሽሽ ብሎ ራሱ ነው ያዘዛት። ሰጠሁት። ቀና አድርጎ ያዘው፤ አቀረበው፤ አራቀው፤ ወደ ብርሃኑ ዞረ። ብዙ ቆየ።

ከዚያ ፈገግ አለና «ያው ነው። ምንም አልተለወጠም» አለ። «አያችሁት ሲስቅ? ያ የፊት ጥርሱ መሀል ያለው ክፍተት ዛሬም አለ።»

ጋሼ፣ ፎቶው ላይ አፍዎ ዝግ ነው።

እማዬ ወደ እኔ አየች። እኔ ወለሉን አየሁ። «አዎ አባዬ፣ ይታያል» አልኩት። «አልጠፋም አይደል?» አለኝ። አልጠፋም አልኩት። ፎቶውን ደረቱ ላይ አድርጎ እስኪያንቀላፋ ድረስ ይዞት ቆየ።

ሳትቀንሺ ጻፊልኝ ስላሉኝ ነው የጻፍኩት። አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልለምንዎ። ከእንግዲህ ለእሱ ሲጽፉ የማነብለት እኔ ነኝ፤ እማዬም አጠገባችን ትቀመጣለች፤ ያልተጻፈ ማንበብ አልችልም። ፎቶ አንሺው አስቆኝ ነበር ብለው ይጻፉለት።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ